ዲጂታል ቅርጽና ሦስቱ መብራቶች

የታብሌት ስክሪን ጠፍጣፋ ነው። በብዕር የምንቀርጸው ጭንቅላት መሣሪያው ውስጥ የተቀመጠው በቁጥር መልክ ብቻ ነው፤ ጉንጩ ወጣ፣ የዓይኑ ጉድጓድ ገባ የምንለው በብርሃንና በጥላ ልዩነት ነው። በጭቃ የሚሠራ ቀራጺ በመዳፉ ዳብሶ ያልተስተካከለውን ቦታ ያገኛል። በታብሌት የሚሠራው ግን የቱንም ቢነካ እጁ የሚያገኘው ያንኑ ልሙጥ መስተዋት ነው። ስለዚህ መዳፍ ይሠራው የነበረው ሥራ በሙሉ በመብራት ላይ ይወድቃል።

ብዙ ጀማሪዎች መብራት ትዝ የሚላቸው ሥራው አልቆ ምስሉን ለሰው ሊያሳዩ ሲሉ ነው። ማሳመሪያ አድርገው ያዩታል። እኔ የምከራከረው ለተቃራኒው ነው፦ ሦስቱ መብራቶች መተከል ያለባቸው አፍንጫው ገና ድፍን እብጠት ሳለ ነው።

ምሳሌ የማደርገው ኖማድ ስከልፕትን ነው። ፈረንሳዊው ስቴፋን ዢኒየ የሠራው ይህ አፕ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሲሆን፣ በአይፓድም በአንድሮይድ ታብሌትም ስለሚሠራ ኮምፒውተር መግዛት ላልቻለ ወጣት በር ከፍቷል። በኮምፒውተር ቅርጻ ቅርጽ ስሙ የገነነው ዚብራሽም እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አይፓድ መጥቷል። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለሁለቱም፣ እንዲያውም መብራት መትከል ለሚፈቅድ ለማንኛውም የቅርጽ አፕ ይሆናል።

በእነዚህ አፖች ቅርጽን የማሳያ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ማትካፕ ይባላል። ማትካፕ ብርሃን የወደቀበት የአንዲት ኳስ ምስል ነው፤ እያንዳንዱ የቅርጹ ነጥብ ወደ ተመልካቹ ካለው አቅጣጫ አንጻር ከኳሷ ላይ ተመሳሳዩን ቀለም ይወስዳል። ለመሣሪያው ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሲያዩትም ደስ ይላል። ችግሩ እውነተኛ መብራት አለመሆኑ ነው። ቅርጹን ስታዞሩት ብርሃኑ ከዓይናችሁ ጋር ተያይዞ ይቀራል፤ አፍንጫው በጉንጩ ላይ፣ ቅንድቡ በዓይኑ ላይ ጥላ አይጥልም። በማትካፕ ብቻ ለሳምንታት የተሠራ ፊት እውነተኛ ብርሃን ሲያገኘው ዓይኑ ያልጎደጎደ፣ መንጋጋው የተጠቀለለ ሆኖ ሲገኝ ቀራጺው ይደነግጣል። ሁለተኛው መንገድ መብራት እየተከሉ ማብራት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

ለምን ከጎን የሚመጣ ብርሃን ቅርጽን ያወጣል፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው ደግሞ ይደብቃል? መልሱ ሒሳብ ነው። ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1760 ስለ ብርሃን ልኬት ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስቀመጠው፣ የማያብረቀርቅ ገጽ የሚቀበለው ብርሃን ብርሃኑ በሚያርፍበት ማዕዘን ኮሳይን ይወሰናል። ብርሃኑ በቀጥታ ሲያርፍበት ገጹ ሙሉውን ይቀበላል። ገጹ 20 ዲግሪ ቢያዘነብል የሚያጣው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ዓይን ይህን ያህሉን ልብ አይለውም። ማዘንበሉ ከ60 ወደ 80 ዲግሪ ሲሄድ ግን ብርሃኑ ከግማሽ ወደ 17 በመቶ ያሽቆለቁላል። ሁለቱም የ20 ዲግሪ ለውጥ ናቸው፤ አንደኛው ግን አይታይም፣ ሌላው ይጮኻል። ግድግዳ የለሰነ ባለሙያ አምፖሉን ግድግዳው ሥር አስጠግቶ ወደ ጎን የሚያበራው ለዚህ ነው፤ ከፊት ሲታይ ልሙጥ የመሰለው ልስን ያኔ ጉብታና ስርጉዱን ያወጣል።

ቀራጺዎች ይህን ከሒሳቡ ይልቅ በእጃቸው ያውቁት ነበር። ፖል ግሴል እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ ኦጉስት ሮዳን አንድ ምሽት በሥራ ክፍሉ ውስጥ መብራት ይዞ ወደ አንዲት የጥንታዊት ቬነስ እብነ በረድ ሐውልት አጠጋው። በቀን ብርሃን ለስላሳ የሚመስለው አካሏ መብራቱ በጎን ሲያልፍበት በብዙ ጥቃቅን ከፍታና ዝቅታ ተሞልቶ ታየ። ሮዳን መብራቱን ያነሣው ሐውልቷን ለማሳመር አልነበረም፤ የጥንቱ ቀራጺ ገጹን እንዴት እንደሠራው እንግዳው ግሴል በዓይኑ እንዲመረምር ነበር። ታብሌት ላይ መብራት ስንተክል የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሦስት መብራት የመትከል ልማድ የተደራጀው በፊልም ስቱዲዮና በፎቶ ቤት ነው። ሴሲል ቢ. ደሚል እ.ኤ.አ. በ1915 በሠራው ፊልም የተዋናይን ፊት ከአንድ ወገን ብቻ አብርቶ ሌላውን በጥላ በመተው ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከሬምብራንት ስም ጋር ያያዘው አበራር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የጥቁርና ነጭ ፊልም ባለሙያዎች ሌላም ችግር ነበረባቸው፦ ቀለም ስለሌለ ጥቁር ፀጉር ከጥቁር ግድግዳ ጋር ይዋሐዳል። መፍትሔው ከኋላ መብራት መትከል ሆነ። በዚህ ዓይነት ዋና፣ ደጋፊና የኋላ መብራት አብረው መቆም ለመዱ፤ ፎቶ አንሺዎቻችን ኪ ላይት፣ ፊል ላይትና ባክ ላይት የሚሏቸው እነዚህን ነው።

መብራት ከመትከላችሁ በፊት ግን ማጥፋት አለ። አፑ ሲከፈት ከየአቅጣጫው የሚያበራ የአካባቢ ብርሃን ይሰጣችኋል፤ እሱን ወደ ዜሮ ቅርብ አውርዱት። የቅርጹን ቀለም መካከለኛ ግራጫ፣ ሻካራነቱን ከ0.5 እስከ 0.7 አድርጉት። በጣም የሚያብረቀርቅ ገጽ ነጸብራቁ ዓይን ይስባል፤ ፈጽሞ የደበዘዘ ደግሞ ረቂቁን ይውጣል።

አሁን ዋናውን መብራት ብቻ አብሩ፤ ከሦስቱም አብዝቼ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። ከካሜራው 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን፣ እንዲሁ 45 ያህል ወደ ላይ ይሁን፤ ጥላ እንዲጥል ፍቀዱለት። ሁለቱን ሌሎች መብራቶች ለመጨመር አትቸኩሉ። ይህ አንድ መብራት ብቻውን ፊትን እንዴት እንደሚያነብ ተመልከቱ። የአፍንጫው ጥላ በጨለማው ወገን ወደ አፉ ጥግ ያዘነብላል፤ ከጉንጩ ጥላ ጋር ሲገናኝ ከዓይኑ ሥር ትንሽ ባለሦስት ማዕዘን ብርሃን ይቀራል። ይህች ሦስት ማዕዘን የሬምብራንት ምልክት የምትባለው ናት። መብራቱን ጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንም ብታዞሩት እንኳ ካልመጣች፣ ብዙውን ጊዜ የጉንጩ አጥንት ወደፊት አልወጣም ወይም የአፍንጫው ድልድይ አልተነሣም ማለት ነው። ይህን ማትካፕ አይነግራችሁም።

ከንፈርን ተመልከቱ። የላይኛው ከንፈር ገጹ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ከላይ በሚመጣ ብርሃን ይጨልማል፤ የታችኛው ወደ ላይ ስለሚመለከት ይበራል፤ ከእሱ በታች ያለው ጎድጓዳ ደግሞ ተመልሶ ይጨልማል። ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ከበሩ የላይኛው ተሳስቷል፤ ቀለም ብትቀቡት አይድንም፣ ገጹን ማዞር ያስፈልጋል። የአፍንጫ ሥር፣ የአገጭ ሥርና የቅንድብ ሥርም በዚሁ ሕግ ይመረመራሉ። ከዚያ መብራቱን ወደ ሌላው ወገን አሻግሩት። ፊት በአንዱ ወገን ብርሃን የተደበቀ ስሕተቱን በሌላው ያወጣዋል።

ደጋፊው መብራት ሥራው ትሑት ነው። ከዋናው ተቃራኒ ወገን፣ ለካሜራው ቀረብ ብሎ ይቆማል፤ ጉልበቱ የዋናው ሩብ ያህል ቢሆን ለሥራ ይመቻል። ግማሽ ካደረሳችሁት ፊቱ ይለሰልሳል፤ ወደ ስምንተኛ ካወረዳችሁት ጨለማው ይከብዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥላ እንዳይጥል መከልከሉ ነው። ደጋፊው ጥላ ከጣለ አንድ አፍንጫ ሁለት ጥላ ያበቅላል፤ ያኔ የትኛው ጥላ የቅርጹን እውነት እንደሚናገር ዓይን ይጠፋዋል።

የኋላው መብራት ከቅርጹ ጀርባ፣ ከፍ ብሎ፣ ከዋናው ተቃራኒ ጎን ይተከላል። ጉልበቱ ከዋናው ጋር እኩል ቢሆንም አይበዛበትም። ብዙ ሰው ለጠርዝ ማሳመሪያ ብቻ ይጠቀምበታል። ለቀራጺ ግን ከዚህ የበለጠ ጥቅም አለው፦ ከኋላ የሚመጣው ብርሃን ከካሜራው የምናየውን ጠርዝ የሚነካው ገጹን ታክኮ ስለሆነ፣ ላምበርት ያሳየው ትልቁ ለውጥ የሚታየው እዚያ ነው። በማጅራት፣ በትከሻና በመንጋጋ ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ እብጠት በኋላ መብራት ሥር ወዲያው ይጋለጣል። ብርሃኑ እየተቆራረጠ የሚሄድ ከሆነ ገጹ ገና አልለሰለሰም። ጆሮ ከጭንቅላቱ ምን ያህል እንደወጣ፣ የፀጉሩ ክምችት ከማጅራት የት እንደተለየም ጠርዙ ይነግራችኋል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ መብራቶቹ ከካሜራው ጋር ይዙሩ ወይስ በቦታቸው ይቁሙ? አፑ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ለምርመራ በቦታቸው እንዲቆሙ እመርጣለሁ፤ ቅርጹን ዞራችሁ ስታዩት ጥላው ቦታውን ጠብቆ ስለሚቆይ ሐውልት አደባባይ ቆሞ እንደሚታየው ይታያል። የኋላውን ክፍል በዝርዝር ስትሠሩ ግን ጨለማ ውስጥ ላለመሥራት ከካሜራው ጋር እንዲዞሩ ማሰር ይሻላል።

ስለ ቆዳ ቀለም ማንሳት አለብኝ፤ ቀራጺ የሀገሩን ሰው ፊት ቀለም ቀብቶ ሲያሳይ ብዙ ጊዜ የሚሰናከልበት ነውና። አብዛኛው ትምህርት የሚሰጠው በነጭ ወይም በግራጫ ቅርጽ ላይ ነው። ቡናማና ጥቁር ቆዳ ከውስጡ የሚመልሰው ብርሃን ያነሰ ስለሆነ፣ ቅርጹን በዋናነት የሚያወጣው በገጹ ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ነው። ያንኑ የግራጫውን አበራር ሳይለውጡ ቡናማ ቀለም መቀባት ፊቱን ጠፍጣፋ ጥቁር ያደርገዋል፤ ከዚያ ብዙዎች ዋናውን መብራት ይጨምራሉ፣ ቆዳውም አመድማ ይሆናል። የሚሻለው የገጹን ሻካራነት ዝቅ ማድረግና ዋናውን መብራት ወደ ጎን ወስዶ ነጸብራቁ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ እንዲሄድ መፍቀድ ነው፤ የኋላውን መብራትም ከወትሮው ማጠንከር። ኢንሴክዩር በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲኒማቶግራፈሯ አቫ በርኮፍስኪ የጥቁር ተዋንያንን ፊት ያበራችው በዚሁ መርሕ ነው፤ ቆዳቸው ብርሃን እንዲመልስ የሚያለዝብ ቅባት ይቀቡ ነበር።

ታብሌት አቅሙ የተወሰነ ነው። መሣሪያው ጥላ ለማስላት ትዕይንቱን ከመብራቱ ቦታ ሆኖ እንደገና ያየዋል፤ ላንስ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ይህ ዘዴ ነው። ስለዚህ ጥላ የሚጥል እያንዳንዱ መብራት ለመሣሪያው ተጨማሪ ሥራ ነው። ሦስቱም ጥላ ከጣሉ ብዕሩ ይዘገያል፣ ታብሌቱ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ጥላውን ለዋናው ብቻ መተው ለዓይንም ለመሣሪያም ይበጃል።

ሥራው በባለሦስት አውታር (3D) ማተሚያ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በአፑ ውስጥ ያማሩት ጥላዎች ማተሚያው ውስጥ አይገቡም፤ የሚታተመው ገጹ ብቻ ነው። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት የተቀባውን ቀለም ደብቁ፣ ደጋፊውንና የኋላውን መብራት አጥፉ፣ ዋናውን ገጹን ታክኮ እስኪያልፍ ዝቅ አድርጉና በቅርጹ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የብሩሽ ሸንተረር የቀረበት ቦታ፣ ሳይታወቅ የተጠማዘዘ ጆሮ፣ በማለስለስ ብዛት የጠፋ የዓይን ቆብ ጠርዝ በዚህ ዙር ይወጣሉ። ከዚያ ሦስቱ መብራቶች ያሉበትን ባዶ ትዕይንት ለብቻው አስቀምጡት፤ የሚቀጥለው ጭንቅላት ቅርጹ ከሚነሣባት ኳስ ጀምሮ እዚያው ውስጥ ይሠራል።