በሩ አልገባ ሲል ምኑ ይነካ?

ከገበያ የመጣ በር ከግድግዳው ክፍተት ጋር አልገጥም ሲል ብዙ ሰው መዶሻና መሮ ያነሳል። ግድግዳ ግን መጨረሻ ላይ የሚነካ ነገር ነው። መጀመሪያ መዝጊያው፣ ቀጥሎ መቃኑ ይታያል።

ሁሉም የሚጀምረው ከልክ ነው። 80 በ210 ሴንቲ ሜትር የሆነ መዝጊያ 80 ሴንቲ ክፍተት ውስጥ አይገባም። የመቃኑ ውፍረት በየጎኑ 4 ሴንቲ ቢሆን 8 ይጨመራል። መዝጊያው እንዳይታሽ በግራና በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ይተዋል፤ መቃኑን በሽብልቅ ለማቃናት ደግሞ በየጎኑ 1 ሴንቲ ገደማ ያስፈልጋል። ሲደመር ወደ 91 ይጠጋል። ቁመቱም በዚሁ ስሌት 216 አካባቢ ይሆናል፤ የሚለካውም ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ካለው ወለል ነው። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለክተው ጠባቡን ይያዙ።

ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አናጢ ይበቃል። ድፍን የእንጨት መዝጊያ በመላጊያ ጥቂት ቢነሳለት አይጎዳም። ሁለት ኮምፔርሳቶ የለበሰና ውስጡ ባዶ የሆነ መዝጊያ ግን ዳር ዳሩን ብቻ ነው እንጨት ያለው። እሱ ተቆርጦ ካለቀ ማጠፊያውም ቁልፉም የሚይዘው አያገኝም። ክፍተቱ በሦስት አራት ሴንቲ ከሰፋ ደግሞ ወፈር ያለ መቃን ማሠራት ይሻላል። ከ10 ሴንቲ በላይ ከሆነ በብሎኬት ይሞላል፤ አዲሱ ግንብ ከአሮጌው ጋር በፌሮ ካልተያያዘ ልስኑ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ክፍተቱን ማስፋት ግድ ሲሆን ግድግዳው ምን እንደተሸከመ ይጠየቃል። በኮንዶሚኒየምና በመሰል ፎቆች ሸክሙን የሚይዙት ኮለንና ቢም ናቸው፤ በክፍሎች መሐል ያለው ብሎኬት አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ክብደት በቀር ሌላ አልተሸከመም። ኮለን በምንም ምክንያት አይነካም። በጭቃ ቤት ግን ጣሪያው ያረፈው ግድግዳው ውስጥ ባሉት ቋሚዎች ላይ ስለሆነ፣ አንዱን ቋሚ መቁረጥ ጣሪያውን ማጉበጥ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ ወይም ጥርጣሬ ካለ መሐንዲስ ይየው።

የሚቆረጠው ጎንም ይመረጣል። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያው ባለበት በኩል የኤሌክትሪክ ቱቦ ሊኖር ስለሚችል በሌላው ጎን መቁረጥ ይመረጣል፤ ያም ሆኖ የዚያ ግድግዳ መስመር ሳይጠፋ ግራይንደር አይነሳም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ጉበኑን ነው። ከክፍተቱ አናት ያለው አርማታ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 15 ሴንቲ ያህል ግድግዳው ላይ ማረፍ ይኖርበታል። 20 ሴንቲ አርፎ ከነበረ፣ በአንድ ጎን 10 ሲቆረጥ የቀረው መደገፊያ 10 ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ብሎኬት በጣውላና በቋሚ ተደግፎ ረዘም ያለ ጉበን ይገባል። ጉበኑ ቀድሞ መሬት ላይ ተሞልቶ ቢያንስ ለሳምንት ውሃ እየጠጣ የቆየ ቢሆን ይመረጣል።

የተቆረጠ ብሎኬት ሆዱ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ቀዳዳው በአርማታ ካልተሞላ መቃኑን የሚይዘው ብሎን አየር ውስጥ ይቀራል፤ በሩ ጥቂት ወር ሲከፈትና ሲዘጋ መቃኑ ይነቃነቃል። አርማታው ከደረቀ በኋላ መቃኑ በቱንቢና በውሃ ልክ ይቆማል፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲለካ ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ መዝጊያውን መስቀል ይቻላል።