ወተቱን ተዉት፣ ጠርሙሱን አምጡት

እኔ በምሠራባት በዲማ ለእንስሳት ሐኪም ስልክ የሚደወለው ለበሬና ለላም ነው። ለውሻ የሚደውል ከስንት አንድ ነው፤ እሱም "ዶክተር፣ መርዝ በልቶብኛል፣ ወተት ግቼዋለሁ" ብሎ ይጀምራል። እዚህ አገር ወተት የመርዝ ሁሉ ማርከሻ ነው፤ የአይጥ መርዝም ቢሆን፣ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የተላሰ ኮላም ቢሆን።

እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ስለ ውሻው አይደለም። "አያ፣ ወተቱን ይተዉትና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ" እላለሁ። ሰውየው ይናደዳል፤ ውሻው እያቃሰተ እኔ ንባብ አዝዛለሁ።

ነጩ የእንጨት ኮላ ከሆነ ብዙ አያሠጋም፤ ቢያስመልሰውም፣ ሆዱን ቢያውከውም ያልፋል። የሚያስፈራው ፖሊዩሬታን የሚባለው፣ እንጨት ላይ ሲቀቡት አረፋ እያወጣ የሚያብጠው ነው። ይህኛው የሚጠነክረው በእርጥበት ነው። ጨጓራ ውስጥ ደግሞ እርጥበትም ሙቀትም ሞልቷል፤ እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና ይደድራል። ጉዳዩ መመረዝ ሳይሆን መደፈን ነው። ወተትም ውኃም የምከለክለው ለዚህ ነው። ጨው በጥብጦ ማስመለስም አይሆንም፤ ጉሮሮ ላይ ሊያብጥ ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ምግብ እምቢ ብሎ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ነው። እኛ የላም ሆድ ቀደን ፌስታል እናወጣለን፤ የውሻ ጨጓራ ግን ራጅና የተሟላ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ለዚህ የሚኬድባቸው ጎንደርም ቢሾፍቱም ከዚህ ሩቅ ናቸው።

የዲማ ውሻ በር ለበር በሚለምነው የቆሎ ተማሪ ዘንድ ስሙ በክፉ ይነሣል፤ ኮላ በመላሱ ግን አልወቅሰውም። የድሮ ማጣበቂያ ምግብ ነበር። የአናጺ ሙጫ ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ ይሠራ ነበር፤ የብራና መጽሐፍ ደጓሹም ቆዳውን የሚለጥፈው በዱቄት ሙጫ ነው። ያንን የላሰ ውሻ ጠግቦ ይተኛል።

ድመት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት፤ እሷ የምትረግጠው ነው የሚጎዳት። አንዷን ከአይጥ ማጣበቂያ ላይ አላቀው በማዳበሪያ ከረጢት አመጡልኝ። ሆዷና ሁለት እግሯ ሙጫ፣ ሙጫው ላይ ሰጋቱራ፣ ከዚያ ላይ ያስለቅቃል ብለው ያፈሰሱት ቤንዚን። ቤንዚን ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱ ሳንባ ይጎዳል፣ ጸጉሯ ላይ የቀረውን ደግሞ ራሷ ትልሰዋለች። ቲነርም ያው ነው። በምግብ ዘይት ቀስ እያልን አሸናት፤ ሙጫው ሲላላ በለብታ ውኃና በሳሙና አጠብናት፣ ያልለቀቀውን ጸጉር በመቀስ ቆረጥነው። ረዳቴን ነክሳዋለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን ጀምሯል። ሱፐር ግሉ የነካው እግርም በዘይት ይታሻል እንጂ ተጎትቶ አይላቀቅም።

እንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ፣ ውሻው ለጥበቃ የሚፈታው ማታ ነውና ከመሄዳችሁ በፊት ኮላውን ክደኑ፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። የተንጠባጠበውን ጥረጉ፤ የጠረጋችሁበትን ጨርቅም መሬት አትጣሉት። ማስቲሽ የሚቀባበት ክፍል ውስጥ ውሻ አትሰሩ። በብርድ ጊዜ በሩ ይዘጋል፣ ትነቱም ታምቆ ይውላል፤ እዚያው ጎንበስ ብሎ ፎርማይካ የሚለጥፈው ልጅም የሚተነፍሰው ያንኑ ነው።