ያውቁ ኖሯል? የሂልተንን ገንዳ የሚያሞቀው ፍል ውሃ ነው

ካዛንቺስ ዳር የሚገኘው የሂልተን አዲስ አበባ የመዋኛ ገንዳ የሚሞቀው በተፈጥሮ ፍል ውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ሜዳው የሳባቸው፣ ለአዲስ አበባ መቆርቆርም ምክንያት የሆነው ፍልውሃ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ይህ ጸጋ የሌለው የቤት ገንዳ ግን ሙቀቱን በመብራት ይገዛል፦

• 1 ሜትር ኩብ ውሃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 50 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ 580 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል።

• ባለ 1 ኪሎዋት የማጣሪያ ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል።

• የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ይላል።

ገንዳ ያለዎት ከሆነ ማታ ማታ ይሸፍኑት፤ ሙቀቱ በብዛት የሚባክነው በትነት ነው።