ሦስተኛው ፕሌይስቴሽንና ያልተፈጸመው ተስፋ

በዘመናችን የወጣቱን ልቡና ከማረኩት የጥበብ ሥራዎች አንዱ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተገጥሞ የእግር ኳሱን ሜዳ፣ የመኪናውን እሽቅድምድምና የጦርነቱን ውሎ የሚያሳየው፣ ተጫዋቹም በእጁ በያዘው ጆይስቲክ እንደ ፈቃዱ የሚያዘው የጨዋታ መኪና ነው። ከነዚህም ውስጥ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ኅዳር 2 ቀን በአገሩ ለገበያ እንዳቀረበው እንደ ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን፣ ገና ሳይወለድ ብዙ ውዳሴ የተደረደረለት፣ ከተወለደም በኋላ ተስፋ የጣሉበትን ሰዎች ያሳዘነ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ መኪና ጠባይ መጻፍ የፈለግሁት፣ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ስሜን የሚዘልቀው መንገድ የሊማሊሞን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በሚያገኛት በደባርቅ ከተማ፣ ከታላቁ ከሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሲሠሩ ስላየኋቸውና፣ በማስታወቂያ ላይ የማይነበበው ልዩነታቸው በዚያ ደጋ ላይ ፍንትው ብሎ ስለሚታይ ነው።

የፕሌይስቴሽን በኩር በ1987 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወጥቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የተከተለው ሁለተኛው ደግሞ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በዘመኑ ወደር አልተገኘለትም። በአገራችን ከተሞችም፣ ቀድሞ ልጆች ጆተኒ ሲጠልዙ፣ ጎልማሶቹም ከረንቦላ ሲጫወቱ ይውሉበት በነበረው ዓይነት ክፍል ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባለው ሲተካ፣ ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው የቆየ ሕግ እንኳ ሳይለወጥ ከጆተኒው ወደ ጆይስቲኩ ተሻገረ። እንዲህ ያለ ስም ያተረፈ ቤተሰብ ሦስተኛ ልጁን ሊያወጣ ነው በተባለ ጊዜ ዓለም ጆሮውን ቢያቀና የሚያስደንቅ አልነበረም።

ሶኒ በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 8 ቀን በሎስ አንጀለስ ከተማ ጉባኤ ሠርቶ አዲሱን መኪና ሲያስተዋውቅ፣ በሰከንድ ሁለት ትሪሊዮን ስሌት የሚያሰላ ኃይል እንዳለው ተናገረ፤ ኪልዞን ከተባለው የጦርነት ጨዋታ ነው ተብሎ በዚያ የታየው ፊልምም ተመልካቹን ሁሉ አፍ ያስያዘ ነበር። ፊልሙ ግን አስቀድሞ በሠዓሊያን እጅ ተዘጋጅቶ የመጣ እንጂ መኪናው በዚያች ሰዓት እየሠራ የሚያወጣው ምስል እንዳልነበረ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። የፕሌይስቴሽን አባት የሚባሉት ኬን ኩታራጊም በዚያው ዘመን፣ ሰው ይህን መኪና ለመግዛት ሲል ተጨማሪ ሰዓት እሠራለሁ ብሎ እንዲያስብ እንደሚፈልጉ ገልጸው ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የኀዘኑ ምንጭ ያለው በዚህ ሐሳብ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም መኪና ለሰው ዕረፍት ይሠራል እንጂ ሰው ለመኪናው ሲል ዕረፍቱን እንዲተው አይጠየቅም።

ዋጋው በ1998 ዓ.ም. ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ሲነገር በአሜሪካ አነስተኛው 499 ዶላር፣ ተለቅ ያለው 599 ዶላር ሆነ። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ኤክስቦክስ 360 የተባለውን ተወዳዳሪ ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ለገበያ ከመቅረቡ ከዓመት በፊት በ299ና በ399 ዶላር አውጥቶት ነበር፤ ኒንቴንዶ ደግሞ ዊ የተባለውን ትንሽ ነጭ መኪና በዚያው በኅዳር 1999 ዓ.ም. በ250 ዶላር ገደማ አቀረበ። ገዢው ሦስቱን አሰልፎ ሲያይ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ ከሁሉ የሚበልጥ ደስታ እንደሚያስገኝለት ማመን መብቱ ነበር።

የመኪናው ምሥጢር ሁሉ የተከማቸው፣ ሶኒ ከቶሺባና ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ባሠራው ሴል በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ነው። ይህ ፕሮሰሰር አንድ ዋና አሳቢና ስምንት ረዳቶች ያሉት ሆኖ ተነደፈ፤ ነገር ግን በፋብሪካ ተሠርተው ከሚወጡት ብዙዎቹ ለአገልግሎት እንዲበቁ ሲባል ከስምንቱ አንዱ እንዲዘጋ፣ ሌላው ደግሞ ለመኪናው የውስጥ አስተዳደር እንዲመደብ ስለተደረገ፣ ለጨዋታ ደራሲው የቀሩለት ስድስት ናቸው። እነዚህ ስድስቱ እያንዳንዳቸው ጥቂት ቦታ ብቻ የተሰጣቸው፣ ሥራቸውን ደራሲው ራሱ ቆራርጦ፣ አመላልሶና ሰዓቱን ጠብቆ ካላቀረበላቸው በቀር ዝም ብለው የሚቀመጡ በመሆናቸው፣ ጉልበቱን ሁሉ ለማውጣት የቻለ ደራሲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት ነበር። ማኅደረ ትውስታውም 256 ሜጋባይት ለስሌት፣ 256 ሜጋባይት ለሥዕል ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ኤክስቦክስ ግን ያንኑ 512 ሜጋባይት ሳይከፍል በአንድነት ለደራሲው ስለሚሰጥና ሦስቱ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች እርስ በርሳቸው አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ለሁለቱም መኪናዎች የተዘጋጀ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በርካሹ ላይ የተሻለ ሆኖ ይታይ ነበር። ቤዮኔታ የተባለው ጨዋታ በኤክስቦክስ ላይ አለሳልሶ ሲሄድ በሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ላይ እየተንቀራፈፈ የወጣበት ሁኔታ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ሌላም ጉድለት ነበረው። ኳስ ሲመታ ወይም መኪና ሲጋጭ በእጅ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው የጆይስቲክ ንዝረት፣ ኢመርሽን ከተባለ ኩባንያ ጋር በነበረው የፍርድ ቤት ክርክር ጊዜ ከአዲሱ መኪና ጆይስቲክ ተነሥቶ፣ እስከ 2000 ዓ.ም. ኅዳር ድረስ ሳይመለስ ቆየ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ታላቅ ወንድሙ ያለውን ነገር የ1999ኙ ሲያጣ ያየ ገዢ ምን ሊል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እውነት ለመናገር ተወዳዳሪዎቹም ከነውር የጸዱ አልነበሩም። ኤክስቦክስ 360 በሙቀት ብዛት እየተበላሸ በፊቱ ላይ ቀይ ቀለበት እያበራ የሚሞት በሽታ ስለያዘው፣ ማይክሮሶፍት በ1999 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የዋስትናውን ዘመን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ለጥገናው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመመደብ ተገደደ። ዊም በጉልበት ረገድ ከሦስቱ የመጨረሻው ነበር። ነገር ግን ኒንቴንዶ የምስልን ጥራት ከማሳደድ ይልቅ፣ አያትና የልጅ ልጅ እጃቸውን እያወዛወዙ በአንድነት ቴኒስ እንዲጫወቱ የሚያስችል በትር አዘጋጅቶ ስለመጣ፣ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ሁለቱን ባለ ጉልበቶች በልጦ ሄደ። የሶኒ የጨዋታ ክፍል በበኩሉ እስከ 1999 ዓ.ም. መጋቢት ባለው የሒሳብ ዓመት ከ232 ቢሊዮን የን በላይ ኪሳራ አሳየ፤ ኬን ኩታራጊም በዚያው ዓመት ሰኔ ከአስተዳደሩ ወንበር ተነሡ።

ለእኛ አገር ተጫዋች ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ብዙ ያልተወራለት ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የሁለተኛውን ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች የሚያጫውት ክፍል በውስጣቸው ነበራቸው፤ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ግን ከ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በወጣው ባለ 40 ጊጋባይቱ መኪና ላይ ይህ ችሎታ ፈጽሞ ተነሣ። ባለ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ለዓመታት ያጠራቀመው የሲዲ ክምችት ባዲሱ መኪና ፊት ዋጋ ቢስ ሆነ ማለት ነው።

በደባርቅ ያየሁት ቤት በዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው። ከግድግዳው አጠገብ ኋላው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ከሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ጋር፣ ከጎኑ ደግሞ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከሦስተኛው ጋር ተቀምጠዋል፤ በሁለቱ ፊት ረጅም አግዳሚ አለ፣ ተረኞቹም ብርዱን በጋቢና በጃኬት እየተከላከሉ ይጠብቃሉ። የአሮጌው መኪና ክዳን ተነሥቶ አንጀቱ ይታያል፤ በፊቱ ላይ ጨዋታዎቹን የያዘ ፍላሽ ተሰክቷል፤ የጆይስቲኩ የግራ እንጨት ጎማው ከመላላጡ የተነሣ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ቅጂ ጨዋታዎቹ ከባለ መብቱ ፈቃድ ውጭ የተባዙ መሆናቸው ባይካድም፣ ይህን ቤት በእግሩ ያቆመው እነሱ መሆናቸውም አይካድም።

ጨዋታው በጋለበት ሰዓት መብራት ሄደ። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ፤ በአንድ ጎል ሲመራ የነበረው ልጅ ውጤቱ ይጽደቅልኝ ሲል፣ ተሸናፊው ደግሞ ገና ሰዓት ነበረኝ፣ እንደገና እንጀምር አለ፤ ዳኝነቱም ለባለቤቱ ቀረበ። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሲመጣ አሮጌው መኪና ወዲያው ተነሥቶ ሜዳውን ከፈተ። ሦስተኛው ግን፣ በወጉ ሳይዘጋ በመቅረቱ የውስጥ ዲስኩን መፈተሽ እንዳለበት በጽሑፍ አስታውቆ ምርመራውን ጀመረ፤ ተረኞቹም ቆመው ጠበቁት።

«ጋሼ፣ ይኸኛው ሲመረምር እኮ እነዚያ አንድ ጨዋታ ይጨርሳሉ» አለኝ ባለቤቱ። «ያልቆጠርኩት ገንዘብ የሚሄደው በዚህ ነው።»

ነገሩን ባሰላሰልሁት ቁጥር የሰውየው ሒሳብ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ወፍራሙ ሦስተኛ ፕሌይስቴሽን በጨዋታ ላይ ሳለ ወደ 200 ዋት የሚጠጋ መብራት ይበላል፤ ቀጭኑ ሁለተኛ ግን የዚያን ሩብ እንኳ አይደርስም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል ከ2800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ቀዝቃዛ ቢሆንም ሳሳ ያለ ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ የሚዞር ማራገቢያም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ስለሚያንስ፣ አብዝቶ የሚግል መኪና በዚያ የበለጠ ይደክማል። ሲግልና ሲቀዘቅዝ የኖረው ወፍራሙ መኪና መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቢጫ መብራት አሳይቶ መጥፋት እንደሆነ በዓለም ሁሉ ያሉ ጠጋኞች ያውቁታል። የተመሰገነበት የምስል ጥራቱም ኤችዲኤምአይ የሚቀበል ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይፈልጋል፤ በአሮጌው ቴሌቪዥን በቀይ፣ በነጭና በቢጫው ገመድ ከተገጠመ ጸጋው ተሸሽጎ ይቀራል። በኢንተርኔት የሚሸጡት ጨዋታዎችም ቢሆኑ፣ ኢትዮጵያ በሶኒ መደብር የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች፣ የሌላ አገር ስም ላልተዋሰ ሰው የተዘጉ ናቸው። የጭነት መኪና ጉልበቱ የሚመዘነው በዳባት ሜዳ ላይ ሲፈጥን ሳይሆን ጭነቱን እንደያዘ ሊማሊሞን ሲወጣ እንደሆነ የመንገዱ ሾፌሮች ያውቃሉ፤ የጨዋታ መኪናም በጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን መብራት በሚሄድበት፣ ልጆች በሚሰለፉበት ክፍል ውስጥ መመዘን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የሴል ኃይል ሐሰት እንዳልነበረ ግን መመስከር ተገቢ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል በ2003 ዓ.ም. 1760 ሦስተኛ ፕሌይስቴሽኖችን አስተሳስሮ አንድ ታላቅ የስሌት መሣሪያ ሠርቶባቸዋል። በሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ውስጥ የነበረው የብሉሬይ ዲስክም በ2000 ዓ.ም. የካቲት ተወዳዳሪውን ኤችዲ ዲቪዲን አሸንፏል። ሶኒ በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ ዋጋውን ወደ 299 ዶላር አውርዶ ቀጭኑን መኪና ሲያወጣ፣ ደራሲዎቹም የስድስቱን ረዳቶች ጠባይ እየለመዱ ሲመጡ፣ መኪናው አገግሞ በመጨረሻ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ በ2005 ዓ.ም. ሰኔ የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስም ከዘመኑ ምርጥ ጨዋታዎች አንዱ ነው። የሚያሳዝነው ግን ይህ ፍሬ የታየው ተተኪው ሊወጣ ወራት ሲቀሩት መሆኑ ነው።

ያ ተተኪ፣ አራተኛው ፕሌይስቴሽን፣ በ2006 ዓ.ም. ኅዳር 6 ቀን በአሜሪካ ሲወጣ ሴል የለበትም፤ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ያለ የተለመደ ፕሮሰሰር፣ ያልተከፈለ 8 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታና ከኤክስቦክስ ዋን በ100 ዶላር ያነሰ የ399 ዶላር ዋጋ ይዞ ነበር። በዚያው ወቅት ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2014 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ዕድሜው ከ13 ዓመት በላይ ለሆነው ለሁለተኛው ፕሌይስቴሽንም ታትሞ ወጥቷል።

ዛሬ ሦስተኛውን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ ወፍራሙን የመጀመሪያ ምርት ትቶ ቀጭኑን ቢመርጥ፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊትም ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል አጫውቶ የማራገቢያውን ድምፅ ቢያዳምጥ፣ ከስታቢላይዘር ውጭም ባይሰካው መልካም ነው። የሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ሲዲዎች ካሉት ደግሞ ያንን አሮጌ መኪና አይሽጠው።