ለቀረጻ ሌላ፣ ለሥርጭት ሌላ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ያለችው ቀጨኔ ስሟ ከሸክላ ሠሪ እናቶቿና ከሸማኔዎቿ ጋር ይነሣል። ጀበና የሚበጀው ጭቃው እርጥብ ሳለ ነው፤ ከዚያ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፣ እሳት የሚገባው በመጨረሻ ነው። ከእሳት ከወጣ በኋላ አንገቱን ላርዝመው የሚል ባለሙያ የለም። ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ ትምህርት ቀርጾ ኤዲት የሚያደርግ ሰውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢጠብቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ለተመልካች በሚላክበት ፎርማት ተቀርጾ፣ ኤዲቲንግ ላይ ፕሮግራሙ ስታክ ሲያደርግ ጥፋቱ በላፕቶፑ ይላከካል።

ነገሩ ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት ወደ ቴሌቪዥን፣ ወደ ሬዲዮና ወደ ቴሌግራም ዞሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። ኤክሴልን ወይም ኮዲንግን በአማርኛ ማስረዳት ለሚፈልግ ሰው ስክሪን መቅረጽ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው፤ የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክራፎንና እንደ ኦቢኤስ ያለ ነጻ ፕሮግራም ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ፎርማትንና ኮዴክን እንለይ። ኤምፒፎር፣ ኤምኬቪና ሞቭ ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ የሚይዙ የፋይል ዓይነቶች ናቸው። ኮዴክ ደግሞ ምስሉ የሚታመቅበት ዘዴ ነው። ማመቅ የግድ ነው፤ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በሰከንድ 30 ፍሬም ሳይታመቅ ቢቀረጽ የአንድ ሰዓቱ ፋይል ወደ 670 ጊጋባይት ይጠጋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤች.264 ይህን መጠን ወደ ጥቂት ጊጋባይት የሚያወርደው እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ ባለማስቀመጥ ነው። ኪፍሬም የሚባለውን አንዱን ሙሉውን ይይዝና ከዚያ ለሚከተሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ኤክስ264 የተባለው ታዋቂ የኤች.264 ማመቂያ (ኢንኮደር) ካልታዘዘ በቀር በሁለት ኪፍሬሞች መካከል እስከ 250 ፍሬም ሊያራርቅ ይችላል፤ ይህም ከ8 ሰከንድ በላይ ነው። በፊልም ላይ ትዕይንቱ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ኪፍሬም ይገባል። የስክሪን ቀረጻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ገጽና የምትንቀሳቀስ አንዲት ጠቋሚ ብቻ ስለሆነ ርቀቱ እስከ ጣሪያው ይሄዳል። ኤዲተሩ መሐል ላይ ያለች አንዲት ፍሬም ሲፈልግ ኮምፒውተሩ ከኋላ ካለው ኪፍሬም ተነሥቶ እስከዚያች ድረስ ያለውን ሁሉ መፍታት አለበት። ስታክ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ችግር የተሠሩ ኮዴኮች አሉ። የአፕል ፕሮሬስና የአቪድ ዲኤንኤክስኤችአር እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚያስቀምጡ ኤዲተሩ የፈለገው ቦታ ላይ ሲቆርጥ አይጎተቱም። ይህን የሚችል ሃርድ ዲስክ ከየት እናመጣለን የሚል ሰው ቅሬታው እውነት ነው፤ ፕሮሬስ 422 ለአንድ ሰዓት ወደ 66 ጊጋባይት ይወስዳል። ይሁን እንጂ ምርጫው ከሁለቱ ጫፎች አንዱን መያዝ ብቻ አይደለም። በኦቢኤስ የሪከርዲንግ ማስተካከያ ላይ የኪፍሬሙን ርቀት 1 ሰከንድ ማድረግና በቋሚ ቢትሬት (በሰከንድ በሚጻፍ የመረጃ መጠን) ፋንታ በጥራት ደረጃ መቅረጽ ይቻላል። ፋይሉ በመጠኑ ያድጋል፤ ቆረጣው ግን በግልጽ ይቀላል። ማሽኑ ከዚህም በኋላ ከከበደው ፕሮክሲ የሚባለውን ትንሽና ቀላል ቅጂ አሠርቶ በእሱ ላይ መሥራት፣ ኤክስፖርቱን ከዋናው ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመብራት መጥፋት ነው። በኤምፒፎር ቀረጻ የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ቀረጻው ሲያልቅ ነው። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ በድንገት ከተዘጋ ምስሉ ዲስኩ ላይ ቢኖርም ማውጫው ስለሌለ ፋይሉ አልከፈት ይላል። ኤምኬቪ ግን በየቁራጩ እያጠናቀቀ ስለሚጽፍ እስከተቋረጠበት ደቂቃ ያለው ይተርፋል። አንዳንድ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ኤምኬቪን አይቀበሉም ለሚለው ተቃውሞ መልሱ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ አለ፤ ሪመክስ የሚለው ትእዛዝ ምስሉን ሳይነካ፣ ጥራቱን ሳይቀንስ ፋይሉን በአጭር ጊዜ ወደ ኤምፒፎር ያዛውረዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው የ30.2 ዕትም የገባው ሃይብሪድ ኤምፒፎርም ለዚሁ ድንገተኛ መቋረጥ ታስቦ የተሠራ ነው።

በስልክ ለሚቀርጹ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ስልኮች ስክሪኑ ሲለወጥ ብቻ ፍሬም ስለሚጨምሩ የፍሬሙ ፍጥነት ይዋዥቃል፤ ኤዲቲንግ ላይም ድምፁና ምስሉ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ ቋሚ ፍሬምሬት መለወጥ ችግሩን ይፈታል። ጽሑፍ ላይም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በተለመደው አሠራር አራት ፒክስሎች አንድ የቀለም መረጃ ይጋራሉ። በጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ጠርዙ የሚደበዝዘው በዚህ ነው። በአማርኛ ደግሞ «ሰ»ን ከ«ሱ» የምትለየው አንዲት አጭር ጭረት ናት። ስለዚህ ፊደሉን ማሳደግና ጥቁር በነጭ ላይ መጻፍ ከማንኛውም ውድ ኮዴክ ይልቅ ተማሪውን ይረዳዋል።

ዩቲዩብም ቴሌግራምም ኤምፒፎርን በኤች.264 ይቀበላሉ፤ ታዲያ ለምን እንደክማለን የሚል ካለ፣ የተናገረው ስለ መጨረሻው ፋይል ነው፤ በዚያም ልክ ነው። ለቀረጻ ግን ኤምኬቪን፣ ቋሚ ፍሬምሬትንና የ1 ሰከንድ ኪፍሬምን ይምረጡ፤ አጥብቆ ማመቁን ለኤክስፖርት ይተዉት። አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት ከመነሣትዎ በፊት እነዚህን ሦስቱን አስተካክለው የአምስት ደቂቃ ቀረጻ ይሞክሩ።