በመርሳ፥ በሀብሩና በወልድያ ዙሪያ በኩሬ ስለሚረባ ዓሣ፤ ሙቀቱም እንዴት እንደሚጠበቅ

በሬን በብርድ ጊዜ ወደ በረት ማስገባት፤ ጫጩትንም ከእናቷ ክንፍ ሥር ማኖር አባቶቻችን ያወቁት ልማድ ነው። በውሃ ውስጥ የሚኖረውን እንስሳ ግን ከውሃው አውጥቶ የሚያሞቀው የለም። በሬና በግ የበሉትን ምግብ በሰውነታቸው ውስጥ እንደ ማገዶ አድርገው የራሳቸውን ሙቀት ያወጣሉ። ዓሣ ይህን ለማድረግ አይችልምና የሰውነቱ ሙቀት የሚኖርበት ውሃ ሙቀት ነው። ውሃው ሲበርድ የሆዱ ሥራ ይዘገያል፤ ዕድገቱ ይቆማል፤ ደዌን የሚከላከልበትም ኀይል ይደክማል። ስለዚህ ዓሣ ለማርባት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ውሃ አለን? ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ ውሃው በሌሊት ምን ያህል ይበርዳል? ብሎ ነው።

ይህን ጥያቄ በተለይ ለሹማምንትና ሰፊ መሬት ለያዙ ሰዎች ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። በየቀበሌው ይህን ያህል ኩሬ ይቆፈር ተብሎ በቁጥር ብቻ የታዘዘ እንደ ሆነ፥ ደጋውም ቆላውም አንድ ዓይነት ጉድጓድ ይቆፍራል። በብርድ ስፍራ የተቆፈረውን ኩሬ ኋላ ለማሞቅ መንገድ የለም። የሕዝቡ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ የከሰረ ገበሬም ሁለተኛ ምክር ቢሰጡት ለመስማት ይቸግረዋል።

የነገሩ ሕግ በትንሽ ዕቃ ሲታይ ይገለጣል። በውጭ አገር ብዙ ሰዎች ለደስታቸው ሲሉ አንድ ክንዱ ከሌላው እጅግ የሚበልጠውን ትንሽ የባሕር ዳር ሸርጣን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በቤታቸው ያኖራሉ። ይህ ፍጥረት በሞቃት ባሕር ዳር፥ ውሃ መጥቶ በሚመለስበት ጭቃ ላይ የሚኖር ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ ጨው ያለበት ውሃና የሚወጣበት አሸዋ ያበጁለታል፤ ሙቀቱንም በኤሌክትሪክ ማሞቂያ 25 ዲግሪ በሚሆን ልክ ይጠብቁለታል፤ እንፋሎቱና ሙቀቱ እንዳያመልጥም ሣጥኑን ይከድናሉ። ሣጥኑ ትንሽ በመሆኑ ማሞቂያው የጠፋ እንደ ሆነ በአንድ ሌሊት ይበርዳል። የገበሬ ኩሬም እንዲሁ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ነገር ግን ማሞቂያው ፀሓይ ብቻ ናት፤ ክዳንም የለውም። እንግዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሥራ በስፍራ ምርጫና በቁፋሮ ጥበብ መሥራት ያስፈልጋል።

በአገራችን ለኩሬ ከሁሉ የሚስማማው ዓሣ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ የሞቃት ውሃ ዓሣ ስለ ሆነ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ መልካም ያድጋል። ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን መራባቱን ይተዋል፤ ዕድገቱም እጅግ ይዘገያል። ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል። 11 ወይም 12 ዲግሪ ደርሶ ብርዱ ለቀናት የቆየ እንደ ሆነ ይሞታል።

አሁን አገሩን እንመልከት። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፥ ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች። መቶ ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ ልክ ይቀዘቅዛልና፥ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ዲግሪ በላይ ይሆናል ማለት ነው። የሀብሩ ወረዳም ቆላም ወይናደጋም ደጋም ያለበት ስለ ሆነ፥ ለወረዳው ሁሉ አንድ ትእዛዝ መስጠት አይቻልም። በጊራና በኩል ላለው ሜዳ የተስማማው ነገር ለተራራው ግርጌ ላይስማማ ይችላል።

አንዳንድ ሰው፥ በደቡብ ወሎ ያለው የሐይቅ ባሕር ከፍታው እንደ ወልድያ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሲሆን ቆሮሶ በውስጡ ይኖራል፤ በኩሬ ለምን አይኖርም? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ቆሮሶ ወደዚያ ባሕር ገብቶ ተራብቷል። ነገር ግን የሐይቅ ባሕር ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት፥ ከ80 ሜትር የሚበልጥም ጥልቀት ያለው ነው። ይህን የሚያህል ውሃ በቀን የተቀበለውን ሙቀት በአንድ ሌሊት አይጥልም። 200 ካሬ ሜትር የሆነ ኩሬ ግን ማታ የነበረውን ሙቀት በነፋስና በጠራ ሰማይ ብርድ እስከ ንጋት ሊያጣ ይችላል። ትልቅ ድስት ከእሳት ሲወርድ ቆይቶ እንደሚበርድ፥ ፍንጃል ግን ወዲያው እንደሚቀዘቅዝ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመቆፈር በፊት መለካት ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የሙቀት መለኪያ ብቻ ነው። በአቅራቢያው ለመስኖ የተቆፈረና ውሃው ቆሞ የሚያድር ኩሬ ካለ፥ ብርድ በሚጸናበት በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ጠዋት በ12 ሰዓትና ከቀኑ በ9 ሰዓት መለኪያውን አንድ ክንድ ወደ ታች አጥልቆ መመልከትና በመዝገብ መጻፍ ነው። የንጋቱ ሙቀት ከ18 ዲግሪ የማይወርድ ከሆነ ስፍራው የተመቸ ነው። በ16 እና በ18 መካከል ከሆነ ጫጩቱን በየካቲት አስገብቶ ኅዳር ሳይጠባ ዓሣውን ማውጣት ይሻላል። ከ16 በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ለዚያ ስፍራ ሌላ ሥራ መፈለግ እንጂ ኩሬ መቆፈር አይገባም።

ስፍራው ከተመረጠ በኋላ የሚከተለውን መጠበቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ኩሬው ከጠዋት እስከ ማታ ፀሓይ የሚያገኘው ይሁን። የተራራ ጥላ ቀድሞ የሚወድቅበትን ስፍራ መተው ነው። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ዛፍ ወይም አጥር ቢኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥላው ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ይራቅ።

2ኛ/ ጥልቀቱ በአንድ ዳር አንድ ሜትር፥ በሌላው ዳር አንድ ሜትር ተኩል ይሁን። ጉልበት የማይደርስ ውሃ በቀን ቶሎ ቢሞቅም በሌሊት ቶሎ ይበርዳል፤ ጠለቅ ያለው ዳር ግን በብርድ ሌሊት ለዓሣው መሸሸጊያ ይሆነዋል።

3ኛ/ አፈሩ ሸክላ ይሁን። ይህንም ለማወቅ እርጥቡን አፈር በእጅ አድቦልቡሎ ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ ነው፤ ሳይፈርስ ከተመለሰ ውሃ ይይዛል። ኩሬው የሚያፈስ ከሆነ ዘወትር ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ግድ ይሆናልና፥ መፍሰስና መብረድ አንድ በሽታ ናቸው።

4ኛ/ ወንዝ በኩሬው መካከል እንዲያልፍ ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። ፀሓይ ያሞቀችውን ውሃ ወንዙ ይወስደዋል። የሚገባው ውሃ በትነትና በስርገት የጎደለውን የሚተካ ብቻ ይሁን፤ እርሱም በቀትር ይግባ፤ በመግቢያው ላይም ወንፊት ይደረግበት።

ስለ ምግቡም፥ በኩሬው ፍግ በልክ ሲጨመር ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉ ደቃቃን ዕፀዋት ይበቅላሉ፤ ቆሮሶም እነርሱን ይመገባል። ልኩን ለማወቅ ክንድን እስከ ክርን አጥልቆ መዳፍን መመልከት ነው። ክርን ላይ ሲደርሱ መዳፉ ከዓይን የሚሰወር ከሆነ መልካም ነው፤ ገና በጥቂቱ ሲያጠልቁ ከጠፋ ፍጉ በዝቷል። ፍግ ሲበዛ በንጋት በውሃው ውስጥ ያለው አየር ያንሳልና፥ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያላዝጉ ይታያሉ። ያን ጊዜ ፍጉን ማቆምና ንጹሕ ውሃ ማስገባት ያስፈልጋል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎም ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ውሃው ሞቅ ካለ በኋላ፥ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይሁን። በብርድ ቀን የተሰጠ ምግብ ሳይበላ ከኩሬው ሥር ይበሰብሳል፤ ውሃውንም ያበላሻል።

የዓሣ ጫጩት ከባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል የሚመጣ እንደ ሆነ መንገዱ በደብረ ታቦርና በጋሸና ደጋ ላይ ያልፋል። በከረጢት ያለው ውሃ በዚያ ብርድ ይቀዘቅዛልና፥ ከረጢቱን ሸፍኖ ማምጣት ይገባል። ከደረሱም በኋላ ጫጩቶቹን ወዲያው ወደ ኩሬው መጣል ድንጋጤና ሞት ያመጣባቸዋል። ከረጢቱ እንደ ታሰረ ግማሽ ሰዓት ያህል በኩሬው ላይ ይንሳፈፍ፤ ከዚያም የኩሬውን ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ሁለቱ ውሃዎች ሲስተካከሉ ጫጩቶቹ በራሳቸው ይውጡ። ለ1 ካሬ ሜትር 2 ጫጩት ይበቃል፤ ስለዚህ ለ200 ካሬ ሜትር ኩሬ 400 ይሆናል ማለት ነው።

ዓሣው ከጥልቁ ዳር ተሰብስቦ ምግብ እንቢ ካለ፥ በገላውም ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ከታየ፥ ብርድ እንደ ጎዳው ማወቅ ነው። በዚህ ጊዜ በመረብ ማመሱ ቅርፊቱን አቁስሎ በሽታውን ያብሳል፤ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ መተው ይሻላል።

እንግዲህ በአገሩ ላይ ኀላፊነት ያላችሁ ሁሉ፥ የምትቀበሉት መግለጫ ስንት ኩሬ እንደ ተቆፈረ ብቻ የሚናገር አይሁን። በእያንዳንዱ ኩሬ አጠገብ የታኅሣሥ ንጋት ሙቀት ስንት እንደ ነበረ ተጽፎ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ። ይህ ቁጥር ያልተጻፈበት ኩሬ ገና አልተመረመረም። ከመቶ ብርድ ኩሬ ይልቅ አንድ የሞቀ ኩሬ ለገበሬው ማዕድ ዓሣ ያቀርባል፤ ጎረቤቱም አይቶ ማንም ሳያዝዘው ይቆፍራል።