ከጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ፦ የተጓዥ ካርቱኒስት ሕይወት

የኮሚክ ኮንቬንሽን በሥዕል የሚተረኩ መጻሕፍት ደራሲዎች፣ አሳታሚዎችና አንባቢዎች በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን የሚቆይ ገበያም በዓልም ነው። ለካርቱኒስቱ ግን አዳራሹ በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ ከሁለት ሜትር ያን ያህል አይበልጥም፤ ኪራዩ እንዲቀልላቸው ከባልደረባ ጋር ለሁለት የሚካፈሉትም ጥቂት አይደሉም። በዚያች ጠባብ ቦታ ካርቱኒስቱ መጽሐፉን ይደረድራል፣ ይሸጣል፣ ይፈርማል፣ ይሥላል። ወራት ሙሉ በሩን ዘግቶ የሠራውን ሥራ ማን እንደሚያነበው በዓይኑ የሚያየውም እዚያው ነው። አንድ ገጽ ነድፎ፣ ቀለም አስገብቶ፣ ፊደሉን ጽፎ ለመጨረስ ሙሉ ቀን ሊፈጅበት ይችላል፤ አንባቢ ገጹን በግማሽ ደቂቃ ያልፈዋል፣ እሱም በሌለበት።

ነገሩን የጀመሩት አንባቢዎች ናቸው። በ1964 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥቂት የኮሚክ አፍቃሪዎች ኒውዮርክ ውስጥ ተሰባሰቡ፤ የሙያውን ሰዎችም ጋበዙ። በ1970 ሳን ዲዬጎ ላይ በዩ.ኤስ. ግራንት ሆቴል የተካሄደው የሦስት ቀን ስብሰባ 300 ያህል ሰው ነበረው፤ ከተጋባዦቹ መካከል ሠዓሊው ጃክ ከርቢና ደራሲው ሬይ ብራድበሪ ይገኙበታል። ዛሬ ያው ስብሰባ ከ130,000 በላይ ሰው ያስተናግዳል። የፈረንሳዩ የአንጉሌም ፌስቲቫል በ1974 ተጀመረ። የጃፓኑ ኮሚኬት በ1975 ቶኪዮ ላይ ሲከፈት ራሳቸው ያሳተሙትን የሚሸጡ 32 ቡድኖችና 700 ያህል ጎብኚዎች ብቻ ነበሩት፤ በ2019 በአንድ ዙር የተቆጠረው ጎብኚ ከ700,000 አልፏል።

የሳን ዲዬጎ ማደግ ለሁሉም እኩል አልበጀም። የፊልምና የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ሲገቡ ሰዉ ለተዋናይ መሰለፍ ጀመረ፤ ብቻውን መጽሐፍ ይዞ የሚመጣው ካርቱኒስት ድምፁ በጫጫታው ተዋጠ። ስለዚህ ለእሱ መጠን የተሰፉ አነስተኛ ዝግጅቶች መጡ። በ1994 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ኦልተርኔቲቭ ፕሬስ ኤክስፖ፣ በዚያው ዓመት በሜሪላንድ ቤተስዳ ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ ተከፈቱ። ኒውዮርክ በ2002፣ ቶሮንቶ በ2003 የራሳቸውን አገኙ። የቶሮንቶው ለዓመታት በከተማዋ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ መግቢያ ተካሂዷል። እንዲህ ያሉት ዝግጅቶች ላይ ዋናው ዕቃ መጽሐፍ ነው፤ ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ደራሲው ነው።

ካርቱኒስቱን መንገድ ላይ ያወጣው የሽያጭ ሥርዓቱ ነው። በአሜሪካ ኮሚክ ወደ ልዩ ሱቆች የሚደርሰው በአከፋፋይ በኩል ነው፤ ከሽፋኑ ዋጋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለአከፋፋዩና ለሱቁ ይቀራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አከፋፋዮች ተጠቃለው በተግባር አንድ ትልቅ ድርጅት ብቻ ሲቀር፣ ትዕዛዝ ያነሰው መጽሐፍ መደርደሪያ የማግኘት ዕድሉ ጠበበ። ጠረጴዛው ላይ ግን በመካከል የሚቆም የለም። የአዲስ አበባ አንባቢ መጽሐፍ ደጁ ድረስ የሚያመጣለትን አዟሪ ያውቃል፤ በራሱ የሚያሳትም ካርቱኒስት ግን ደራሲውም፣ አሳታሚውም፣ አዟሪውም እሱው ነው።

የዚህ መንገድ ጥሩ ምሳሌ የኦሃዮው ጄፍ ስሚዝ ነው። በ1991 የአኒሜሽን ስቱዲዮ ሥራውን ትቶ «ቦን» የተሰኘውን ተከታታይ ታሪክ በራሱ ገንዘብ ማሳተም ጀመረ። ባለቤቱ ቪጃያ አየርም የኮምፒውተር ኩባንያ ሥራዋን ለቅቃ የንግዱን በኩል ያዘች። ከኮንቬንሽን ኮንቬንሽን እየተዘዋወሩ መጽሐፉን ለአንባቢና ለባለሱቅ በእጅ ሰጡ። በ1995 የካናዳው ዴቭ ሲም በራሳቸው የሚያሳትሙ ካርቱኒስቶችን ሰብስቦ ከከተማ ከተማ የሚዞር ጉዞ አዘጋጀ፤ በ1997 ደግሞ ስሚዝ፣ ቻርልስ ቬስና ሊንዳ ሜድሊ በአንድ ድንኳን ሥር እንዳሉ ነጋዴዎች ተቀናጅተው ኮንቬንሽኖችን ዞሩ። «ቦን» በ2004 በ55ኛው ቁጥር ተጠናቀቀ፤ በ2005 ትልቁ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ስኮላስቲክ በቀለም ያትመው ጀመር። ያ ሁሉ ሕፃን አንባቢ ከመምጣቱ በፊት ግን ዓመታት የፈጀ ሻንጣ መጎተት ነበር።

የጉዞው ዝግጅት ከወራት በፊት ይጀምራል። ጠረጴዛ ፈላጊው ከጠረጴዛው ስለሚበዛ አንዳንዱ አዘጋጅ ሥራ አይቶ ይመርጣል፣ አንዳንዱ ዕጣ ያወጣል። ቦታ ያገኘ ሰው ቀጥሎ ከማተሚያ ቤት ጋር ይፋለማል፤ ለመስከረም የተባለ መጽሐፍ ለጥቅምት ቢደርስ ዋጋ የለውም። ገንዘብ ያጠረው ሚኒ ኮሚክ ይሠራል፦ ገጾቹን ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ለሁለት ያጥፋል፣ እጥፋቱን በአጥንት ወይም በማንኪያ ጀርባ ያስተኛል፣ ወገቡን እጀ ረጅም በሆነ ስቴፕለር ሁለት ቦታ ይመታል። ከበረራው በፊት ባለው ሌሊት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መቶ ቅጂ ሲያጥፍ የሚያነጋው ብዙ ነው። ወረቀት ከባድ ነውና መጽሐፉ በባለ ጎማ ሻንጣ ይገባል፤ ልብስ በተረፈው ቦታ ይጠቀጠቃል። የጠረጴዛ ልብስ፣ መጽሐፍ ማቆሚያ፣ የዋጋ ወረቀት፣ የካርድ መክፈያ፣ መልስ የሚሆን ዝርዝር ብር አይረሱም። የሽያጭ ግብርም አለ፤ በሜሪላንድ 6 ከመቶ ነው። ሳንቲም መቁጠር ሰልፍ ስለሚያስቆም ብዙዎች ግብሩን ዋጋው ውስጥ አስገብተው ድፍን 5 ወይም 10 ዶላር ይላሉ።

ሒሳቡ ጭካኔ አለው። ጠረጴዛ፣ አውሮፕላንና የሆቴል ድርሻ ተደምሮ 900 ዶላር ወጣ እንበል። መጽሐፉ 10 ዶላር ይሸጣል፣ ለማሳተም 3 ዶላር ፈጅቷል። ካርቱኒስቱ ባዶ እጁን እንዳይመለስ 129 ቅጂ መሸጥ አለበት። ዝግጅቱ በሁለት ቀን 14 ሰዓት ክፍት ከሆነ በየስድስት ደቂቃ ተኩሉ አንድ መጽሐፍ ማለት ነው፤ ምሳም መጸዳጃም ሳይቆጠር። ለዚህ ነው በአንድ ክፍል አራት ሆነው የሚያድሩት፣ ከአዳራሹ ውጭ የገዙትን ዳቦ ከጠረጴዛው ሥር የሚበሉት። ብዙዎች ከመጽሐፉ ጎን ትንንሽ ሥዕሎችንና ተለጣፊዎችን የሚሸጡትም የጎደለውን ለመሙላት ነው።

በሩ ሲከፈት ሌላ ሙያ ይጀመራል። ለዓመታት ዝምታን የለመደ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። ልምድ ያለው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ይቆማል ወይም ከፍ ባለ ወንበር ይቀመጣል፣ ዓይን ለዓይን እንዲተያይ። አላፊውን አይጎትትም። ሰላምታ ሰጥቶ መጽሐፉ ስለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሰውየው መጽሐፉን አንሥቶ ሲገልጥ ያለችው ጊዜ ለካርቱኒስቱ ከሁሉ ትከብዳለች። አንባቢው የቱ ገጽ ላይ ፈገግ እንዳለ፣ የቱ ላይ እንደቆየ፣ የቱን ሳያይ እንዳለፈ ያያል። ይህን ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ቦታ የለም።

ከገዛ በኋላ ፊርማ ይመጣል፤ የካርቱኒስት ፊርማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥዕል ነው። ካርቱኒስቱ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ገጽ ይገልጥና የአንባቢውን ስም ፊደል በፊደል ይጠይቃል። በቀጭን እርሳስ አንድ ክብ ያወጣል፤ ክቡን ሁለት መስመር ያቋርጡታል፣ ዓይንና አፍንጫ የሚያርፉበት እዚያ ነው። ከዚያ ብሩሽ እስክሪብቶ ይነሣል። መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ የአገጭ መስመር፣ በመጨረሻ ጥቁር ፀጉር። በጠረጴዛው ማዶ ለቆመው አንባቢ ሥዕሉ ተገልብጦ ስለሚታየው፣ የሚወደው ገጸ ባሕርይ ፊት እስኪዞርለት ድረስ የመስመር ክምር ብቻ ነው። መጽሐፉ ሲዞር ፊቱ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሕፃናት ትንፋሻቸውን የሚስቡትም ያን ጊዜ ነው። ቀለሙ ስላልደረቀ ካርቱኒስቱ ብጣሽ ወረቀት መካከል አስገብቶ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ይዘጋል።

በአንጉሌም ይህ ልማድ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ሥር ሰድዷል። በፈረንሳይና በቤልጂየም መጽሐፍ የገዛ ሰው ሥዕሉን በነጻ መጠበቅ ልማዱ ነው፤ አንዳንዱ ካርቱኒስት የውኃ ቀለም ሳይቀር ይጨምርበታል፣ አንባቢም ለዚያ ለሰዓታት ይሰለፋል። ሰልፉ ከልክ ሲያልፍ አሳታሚዎች ቁጥር ያድላሉ ወይም ዕጣ ያወጣሉ። ካርቱኒስቶቹ ግን አራት ቀን ሙሉ ያለ ክፍያ መሥራት ሥራ ነው፣ ይከፈልበት ሲሉ ቆይተዋል፤ ትክክልም ናቸው። በነጻ የተሣለው ሥዕል በማግስቱ ሲቸበቸብ ያየ ሠዓሊ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ብዙዎች የአንባቢውን ስም በጉልህ የሚጽፉት አንድም ለዚህ ነው፤ ስም ያለበት ስጦታ ለነጋዴ አይመችም።

በአሜሪካ መስመሩ ሌላ ነው። ፊርማ በአነስተኛ ዝግጅቶች በነጻ ነው፣ ሥዕል ይከፈልበታል። ትዕዛዝ የሚቀበል ካርቱኒስት ጠዋት ቀብድ ይቀበላል፣ ስም ይመዘግባል፣ ማታ ሆቴል ገብቶ ይሥላል፣ በነጋታው ያስረክባል። በትልልቆቹ ኮንቬንሽኖች ደግሞ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ሌላ ዓይነት ሰልፈኛ መጥቷል፦ ፊርማው ሲፈረም የደረጃ መዳቢ ድርጅት ምስክር ቆሞ ያያል፣ መጽሐፉ ነጥብ ተሰጥቶት በጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል። ዋጋው ይጨምራል። ግን ከዚያ በኋላ ያን ቅጂ ማንም አያነበውም፤ ለመነበብ ለተሣለ መጽሐፍ ይህ የሚያሳዝን መጨረሻ ነው።

አንባቢዎቹ እንደ መጽሐፉ ይለያያሉ። የልጆች ታሪክ የሚሠራ ካርቱኒስት ፊት ሕፃናት የራሳቸውን ሥዕል ይዘው ይቆማሉ፤ ያንን ሥዕል ጊዜ ወስዶ ማየት የሥራው ክፍል ነው። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ስደቱ ወይም ስለ ሟች ወላጁ የሠራ ካርቱኒስት ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። የማያውቀው ሰው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ይልና ለቅርብ ዘመዱ ያልነገረውን ይነግረዋል። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ሒሳቡም አልሞላም፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት የማያዳምጥ ካርቱኒስት መምጣቱ ከንቱ ነው። ብዙዎቹ ከጉዞ ተመልሰው የሚያስታውሱት ሽያጩን ሳይሆን እንዲህ ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ነው።

ሰውነትም ይከፍላል። በሲሚንቶ ወለል ላይ ሁለት ቀን መቆም እግርና ወገብ ይቆርጣል፤ ድምፅ ይዘጋል፤ የእጅ አንጓ ያብጣል። ሺህ ሰው በተነፈሰበት አዳራሽ የዋለ ከሳምንቱ መጨረሻ በኋላ ጉንፋን ይዞት መተኛቱ የተለመደ ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሳን ዲዬጎ ሳይቀር ሲሰረዝ ብዙዎች ያጡት የገበያ ቀን ብቻ አልነበረም፤ ባልደረቦቻቸውንም ነው ያጡት። ካርቱኒስት ካርቱኒስትን የሚያገኘው በኮንቬንሽን ነውና። እሑድ ማታ፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል፣ በየጠረጴዛው መለዋወጥ ይጀመራል፦ ያንተን ስጠኝ፣ የኔን እንካ። ባዶ የሆነው ሻንጣ በሌሎች መጻሕፍት ተሞልቶ ይመለሳል።

በቤተስዳው ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ የቅዳሜ ምሽት የኢግናትዝ ሽልማት ነው፤ ከ1997 ጀምሮ ይሰጣል። ዕጩዎቹን አምስት ካርቱኒስቶች ይመርጣሉ፣ አሸናፊውን የሚወስኑት የኤክስፖው ታዳሚዎች ናቸው። ሽልማቱ ጡብ ነው። ስሙ የተወሰደው ጆርጅ ሄሪማን ከ1913 እስከ 1944 ከሣለው «ክሬዚ ካት» ውስጥ ድመቷን በጡብ ከሚመታው አይጥ ነው። አሸናፊው ጡቡን ከመጻሕፍቱ ጋር ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ይመለሳል።

ከ2011 ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከኤክስፖው ጋር ተስማምቶ ሠራተኞቹ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ሚኒ ኮሚኮችን ይሰበስባሉ። በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታጥፎ በስቴፕለር የተመታው መጽሐፍ ዋሽንግተን ውስጥ ለተመራማሪ ይቀመጣል።

በአማርኛም የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ አለ፤ የብሥራት ደበበ «ጀምበር» በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ቤተስዳ አማርኛ ተናጋሪ ከሚበዛበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም፤ ኤክስፖውም አብዛኛውን ጊዜ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ይውላል። በዚያ አካባቢ የምትኖሩና ሥዕል የሚወድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጠረጴዛው ፊት ይቁም፤ ካርቱኒስቱ ስሙን ሲጠይቀውም እናንተ አትመልሱለት፣ ራሱ ፊደል በፊደል ይንገረው።